የአኒታ ሉስ ቀልድ ከየት ይመጣል? በአንድ ጥያቄ ላይ የተሰጡ 31 ምላሾች

ጥያቄውን ያነሳው ሰው 12 ደቂቃ የሚረዝም ንግግር አልባ አጭር ፊልም እየጻፈ ነው። ታሪኩን የሚያስኬዱት በሲኖቹ መሃል የሚገቡ የጽሑፍ ካርዶች ናቸው። ካርዶቹን በአማርኛ፣ በአሜሪካዊቷ የፊልም ጸሐፊ በአኒታ ሉስ መንገድ መጻፍ ይፈልጋል። እስከዚህ ድረስ ጥያቄ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን አቋም ያዘ። ሉስ አንደበቷ የተሳለ ሴት ነበረች፣ ጥበቧም ያለው በአንድ መስመር ቀልዶቿ ነው፣ ስለዚህ ጥሩ ጥሩ አባባል ሰብስቦ በየሲኑ መሃል መሰካት ይበቃል ባይ ነው። እኔ በዚህ አቋም አልስማማም። ለምን እንደማያስኬድ ግን ምላሽ ሰጪዎቹ በደንብ አሳይተውታልና የእነሱን በየተራ ቁጥሩ አቀርባለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛዋ ምላሽ ሰጪ ጠያቂውን አመስግና፣ ሉስን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ አስተዋወቀች። በ1888 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ያኔ ሲሰን ዛሬ ማውንት ሻስታ በምትባል ከተማ ተወለደች። በልጅነቷ መድረክ ላይ ትተውን ነበር። ለባዮግራፍ የፊልም ኩባንያ በላከችው ጽሑፍ ዳይሬክተሩ ግሪፊዝ በ1912 «የኒውዮርክ ባርኔጣ»ን አዘጋጀ፤ ሜሪ ፒክፎርድና ሊዮኔል ባሪሞር ተወኑበት፤ ለጸሐፊዋም 25 ዶላር ተከፈላት። 2ኛው፣ ይህን ስትጽፍ ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበረች ብሎ አድናቆቱን ጨመረ። 3ኛው ወዲያው አረመው፤ ከ1888 እስከ 1912 ስንት ዓመት እንደሆነ መቁጠር ነው፣ ሃያዎቹ ውስጥ የገባች ሴት ነበረች። ሉስ ዕድሜዋን እየቀነሰች ታወራ ስለነበር ነው ወሬው የተስፋፋው። እርማቱ ትንሽ ቢመስልም ለክሩ፣ ማለትም ለምላሾቹ ቅብብል፣ ጠቅሟል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ተአምረኛ ሕፃን ማውራቱ ቀርቶ ስለ ሥራዋ ማውራት ተጀመረ።

ከሁሉም ጠቃሚው 4ኛው ምላሽ ነው። ጸሐፊው «የኒውዮርክ ባርኔጣ»ን ይዞ አንድ ነገር ብቻ መረመረ፤ ደብዳቤውን። ፊልሙ ሲጀምር እናትየው ልትሞት ነው። ለቄሱ በተወችው ደብዳቤ ላይ ባሏ በሥራ ብዛት እንደገደላት፣ እንደምንም ጥቂት ገንዘብ እንዳጠራቀመች፣ በዚያ ገንዘብ ለልጇ ስትከለከል የኖረችውን ጌጣጌጥ አልፎ አልፎ እንዲገዛላት፣ ይህንንም ማንም እንዳያውቅ ትለምናለች። ቄሱ ከኒውዮርክ የመጣውን ውድ ባርኔጣ ለልጅቷ ይገዛል፤ የመንደሩ ሐሜተኞች አፍ ይከፈታል፤ አባትየው ባርኔጣውን ይቆራርጠዋል። በመጨረሻ ደብዳቤው ወጥቶ ሲነበብ ሁሉም ያፍራል።

እንደ 4ኛው አስተያየት የደብዳቤው እያንዳንዱ ሐረግ የየራሱ ሥራ አለው። ባል እንደገደላት የሚናገረው አባትየውን ገና ሳናየው ያስተዋውቀናል። የተጠራቀመው ገንዘብ ቄሱን ከጥርጣሬ ነጻ ያደርገዋል፤ ግን ነጻ የሚያደርገው በእኛ በተመልካቾቹ ዘንድ ብቻ ነው። ጌጣጌጡ ባርኔጣውን ይወልዳል። ማንም አይወቅ የሚለው የመጨረሻው ልመና ደግሞ ፊልሙን ሙሉ ደግፎ ይይዘዋል። እሱን አውጡትና ሞክሩት ይላል፤ ሐሜቱ በተነሳ በመጀመሪያው ቀን ቄሱ የእናቷ ገንዘብ ነው ብሎ ይመልሳል፣ ታሪኩም እዚያው ያልቃል። አንድ ወረቀት መጀመሪያ ላይ ችግሩን አሰረ፣ መጨረሻ ላይ ፈታው፤ ለማብራሪያ ሌላ ካርድ አላስፈለገም። ለጠያቂው የሰጠው ምክርም ከዚህ የመጣ ነው። ከመጀመሪያው ጠብ በፊት ተመልካቹ ማወቅ ያለበትን ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፍ። ካሜራ ሊያሳየው የሚችለውን ሁሉ ሰርዝ። የተረፈውን ለሦስት ለአራት ካርድ አታከፋፍለው፤ በአንድ ዕቃ፣ በደብዳቤም ሆነ በደረሰኝ ወይም በፎቶ ጀርባ ላይ አኑረው።

5ኛዋ፣ ደብዳቤ እንደ ካርድ ይቆጠራል ወይ ስትል በአክብሮት ጠየቀች። 6ኛው ለያይቶ አስረዳት። በዘመኑ ሦስት ዓይነት የጽሑፍ ቀረጻ ነበር። አንዱ ጊዜና ቦታን ወይም ሁኔታን የሚገልጽ፣ በተራኪው ድምፅ የሚጻፍ ካርድ ነው። ሁለተኛው ገጸ ባሕርዩ የተናገረውን የሚይዝ የንግግር ካርድ ሲሆን አፉን ሲከፍት ይቆረጥና ቃሉ ይነበባል፣ ከዚያ ወደ ራሱ ፊት ይመለሳል። ሦስተኛው በታሪኩ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ነው፤ ደብዳቤ፣ ጋዜጣ፣ ማስታወቂያ፣ በቅርበት ተቀርጾ ይገባል። የሉስ ስም የገነነው በመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ተራኪውን አስተያየት ያለው ሰው አደረገችው።

7ኛው ምላሽ ይህንን በ1916 በወጣውና ዳግላስ ፌርባንክስ በተወነበት «ፎቶው በጋዜጣ» አሳየ። ዳይሬክተሩ ጆን ኤመርሰን፣ በኋላ ባሏ የሆነው ሰው ነው። አባትየው ሥጋ የሌለበት ምግብ እያመረተ የከበረ ነጋዴ ነው፤ ልጁ ፎቶው ጋዜጣ ላይ ካልወጣ ድርሻውንም የሚወዳትንም አያገኝም። ሉስ እንደተረከችው ግሪፊዝ ፊልሙን አልወደደውም ነበር፤ ቀልዱ ያለው ጽሑፉ ላይ ነው፣ ሰው ሲኒማ የሚገባው ሊያነብ አይደለም ብሎ አስቀመጠው፤ በአጋጣሚ ኒውዮርክ ሲታይ ግን አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። 8ኛው ተጠራጠረ፤ ይህን የነገረችን የተጠቀመችበት ራሷ ናት፣ የትዝታ መጽሐፍ ደግሞ ጨው ይበዛበታል። 9ኛው ነገሩን አስታረቀ። ትረካው ቢጋነንም ባይጋነንም፣ ከዚያ በኋላ ሉስ፣ ኤመርሰንና ፌርባንክስ አብረው የሠሯቸው ፊልሞች በዚሁ ስልት መሠራታቸው አያከራክርም። ፌርባንክስ አጥር ይዘላል፣ ካርዱ ረጋ ብሎ ያሾፋል። ሁለቱ አንድ ነገር ደግመው አይናገሩም።

10ኛው ምላሽ አንድ ካርድ ብቻ አንስቶ ክሩን አነቃቃው። ሉስ በጣም የተወደደላት ካርድ ይህ እንደነበር ተናግራለች። አንድ አዲስ ገጸ ባሕርይ በቆንት፣ በአውሮፓ መኳንንት ማዕረግ፣ ይገባል። ስሙ ተነባቢ በተነባቢ ላይ የተከመረበት፣ አናባቢ የጠፋበት የፊደል ክምር ነው። ከስሙ ሥር ማሳሰቢያ አለ፤ ካርድ ድምፅ አውጥታችሁ የምታነቡ ሁሉ፣ ይህን የቆንቱን ስም ልትጠሩት አትችሉም፣ በሐሳባችሁ ብቻ ያዙት የሚል መልእክት ያለው። ቀልዱ ስለ ቆንቱ ብቻ አይደለም ይላል 10ኛው። በየአዳራሹ ለጎረቤቱ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ነበር፤ ሉስ የጻፈችው ለእሱና አጠገቡ ተቀምጠው ለተማረሩት ነው። ካርዱ በታየበት ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ምን እንደሚሆን ታውቃለች ማለት ነው። እኔም ጥበቧ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

11ኛዋ ቆም ብለው እንዲያስቡ ጠየቀች፤ ይህ ቀልድ በፊደላችን አይሠራም። በእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሆሄ ድምፁን ይዞ ስለሚመጣ፣ ሳድሱን ብትደረድረውም አንባቢው እንደምንም ብሎ ይጠራዋል። 12ኛው መፍትሔ አመጣ። በማይነበብ ስም ፈንታ የማያልቅ ስም፤ ማዕረግ በማዕረግ ላይ እየተደራረበ ካርዱን ሞልቶ ጠርዙ ላይ ሳይጨርስ የሚቆረጥ። ጮክ ብሎ የሚያነበው ሰው ትንፋሹ ያልቅበታል፤ ቀልዱም እንደ መጀመሪያው በራሱ በአንባቢው ላይ ይወድቃል። ቀልድን ከአገር አገር ማሻገር እንዲህ ነው።

ከዚያ ነገር ተበላሸ። 13ኛው ይህ ሁሉ የእኛው ሰምና ወርቅ ነው፣ ሉስም ባለ ቅኔ ናት አለ። 14ኛው ተቆጣ፤ የሚያስቅ ነገር በታየ ቁጥር ቅኔ እያሉ መጥራት ቅኔን አለማወቅ ነው፣ ወንድሜ ይህን ከመጻፍህ በፊት አንድ ጉባኤ ቤት ደጃፍ ብትደርስ ምን ነበረበት አለው። 15ኛው ለ13ኛው ተደርቦ ስድብ ቀረሽ መልስ ሰጠ። 16ኛዋ በትልቅ እህት ቃና ሁለቱንም ገሠጸች፤ ክርክሩን እንጂ ሰውየውን አትንኩ ብላ። የ14ኛው ቁጣ ያልተገባ ቢሆንም በመሃል የጣለው ነጥብ ትክክል ነው። የቅኔ ወርቅ ተፈልጎ የሚገኝ ነው፣ ቆይቶ ቢገባም ጣዕሙ አይጎድልም። ካርድ ግን አምስት ሰከንድ ቆይቶ ይሄዳል፤ ያልገባው ተመልካች መመለስ አይችልም። ስለዚህ በካርድ ላይ ኅብር ቃል፣ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል፣ ካስገባህ፣ ሰሙ ለብቻው ታሪኩን ማስኬድ አለበት፤ ወርቁን ያገኘ ይሳቅ፣ ያላገኘ አይደናገር።

17ኛዋ ምላሽ ሰጪ የጠያቂውን አቋም በቀጥታ መታችው፣ የተናገረችውም ከክሩ ሁሉ ጠንከር ያለ ነው። ጠያቂው ሊሰበስብ ካሰባቸው አባባሎች አንዱን አነሳች። ሉስ ካርዶቹን በጻፈችለት በግሪፊዝ «አለመቻቻል» ውስጥ፣ በ1916 ማለት ነው፣ ሴቶች ወንድን መማረክ ሲያቆሙ ብዙ ጊዜ ኅብረተሰብ ማረምን ሁለተኛ ምርጫ ያደርጉታል የሚል ትርጉም ያለው ካርድ አለ። ይህ ጥበብ ከሆነ ስድብ የቱ ነው ብላ ጠየቀች። አሜሪካ ውስጥ ለሴቶች የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥት የጸደቀው በ1920 ነው፤ በ1916 አደባባይ የወጣችን ሴት ሁሉ አስቀያሚና የተናቀች ብሎ መሳቅ ማንን እንደሚጠቅም አስቡት አለች። 18ኛው ለሉስ ተከራከረላት። ካርዱ የሚመጣው ሀብታም በጎ አድራጊዎች የድሃን ሕይወት ሊያስተካክሉ በተነሱበት ቦታ ነው፤ ዒላማው ግብዝነታቸው ነው። የፋብሪካው ባለቤት የእኅቱን በጎ አድራጎት ለመደጎም የሠራተኞቹን ደመወዝ 10 በመቶ ይቆርጣል፣ አድማ ይነሳል፣ ሰው ይሞታል።

19ኛው ሁለቱንም ሰምቶ የፈረደው ፍርድ አሳማኝ ነው። ሥዕሉ ራሱ የ10 በመቶ ቅነሳውን አሳይቷል፤ ለበጎ አድራጊዎቹ ከዚህ የከፋ ክስ የለም። ካርዱ ግን ክሱን ከገንዘብ ላይ አንስቶ ከሴቶች ዕድሜና መልክ ላይ ጣለው። ሳቁን አገኘ፣ ፊልሙ የያዘውን ጠንካራ ነገር ግን አላላው። አባባል ለብቻው ሲነቀል የሚመጣው ችግርም ይኸው ነው፤ ከቦታው ስትነቅለው ስድቡ ብቻ ይቀራል። 17ኛዋ ተመልሳ አልጻፈችም፤ 18ኛው ግን ካርዱ ክሱን እንዳላላው አምኖ፣ ጸሐፊዋን በአንድ ካርድ መመዘን ተገቢ አይደለም ሲል ጨመረ። ይህ 20ኛው ምላሽ ነው።

21ኛው የኤዲቲንግ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል፤ ቀጥታ ወደ ቁጥር ገባ። በ35 ሚሊሜትር ፊልም አንድ ጫማ 16 ፍሬም፣ ማለትም 16 ነጠላ ምስል፣ ይይዛል፤ በሴኮንድ 16 ፍሬም ሲሄድ አንድ ጫማ ማለት አንድ ሰከንድ ነው። የ1,000 ጫማ ጥቅል ወደ 16 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ያህል ይሄዳል ማለት ነው። በዚህ ሂሳብ በሰፊው ይሠራበት የነበረው መለኪያ ለአንድ ቃል አንድ ጫማ ነበር። የሚበላሸው የት ነው? ካሜራው በእጅ ይዞር ነበር፤ ፕሮጀክተሩንም ባለ ማሽኑ እንዳሻው ያፈጥነው ነበር። ሰዓት የቸኮለበት አዳራሽ ውስጥ አሥር ሰከንድ የታሰበለት ካርድ በሰባት ያልፋል፤ ሳቁ ይጠፋል። ለዚህ መድኃኒቱ የሚያስቀውን ቃል መጨረሻ ላይ ማድረግና ከእሱ በኋላ ምንም አለመጻፍ ነው።

22ኛዋ፣ አማርኛ ላይ ይህ መለኪያ እንዳለ አይሠራም አለች። የእኛ ግስ አድራጊውን፣ ተደራጊውንና ጊዜውን በአንድ ቃል ስለሚይዝ ስድስት የአማርኛ ቃል የአሥር የእንግሊዝኛ ቃል ያህል ሊሸከም ይችላል። ቃል አትቁጠሩ፣ ፊልሙን ለማያውቅ ሰው ካርዱን ስጡት፣ ድምፁን አውጥቶ በእርጋታ ሲያነበው ያዙት፣ በዚያ ላይ አንድ ሰከንድ ጨምሩ የሚል ነው ምክሯ። ከሦስት መስመር በላይ ከሆነ ለሁለት አትክፈሉት፤ አሳጥሩት። ለ12 ደቂቃ ፊልም ከ20 ካርድ በላይ ከሆነ ደግሞ፣ እያንዳንዱ ስድስት ሰከንድ ቢቆይ ሁለት ደቂቃ ይሆናል፤ የፊልሙ አንድ ስድስተኛ ንባብ ሆነ ማለት ነው።

23ኛው ስለ ፊደል ቅርጽ የጻፈው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። በጥቁር ላይ ነጭ ሲጻፍ ብርሃኑ ስለሚፈስ ቀጫጭን መስመር ይዋጣል። ሰ ከሸ፣ ተ ከቸ፣ ነ ከኘ፣ ደ ከጀ የሚለዩት አናታቸው ላይ ባለች ትንሽ ጭረት ነው። ስስ ፊደል ከተመረጠ እሷ ትጠፋለች፣ ቃሉም ሌላ ይሆናል። ወፈር ያለ ፊደል ምረጥ፣ መስመር ከመስመር አራርቅ፣ ካርዱን ከሩቅ ሆነህ በስልክ ስክሪን ላይ ሞክረው። የኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ፊደሉን ካላወቀው ባዶ ሳጥን ስለሚያወጣ ካርዱን በ1920 በ1080 ፒክስል እንደ ምስል አውጥቶ ማስገባት ይሻላል። የእንግሊዝኛ ሰብታይትል የሚጨመር ከሆነ ካርዱ ግርጌ ላይ ቦታ ይተው።

24ኛው ከርዕስ ወጣ፤ ግን መልካም መውጣት ነው። በዚያ ዘመን ፊልም ወደ ውጭ ሲላክ የካርዱ ጥቂት ፍሬም ብቻ ለምልክት ይቀር ነበር፤ ተቀባዩ አገር በራሱ ቋንቋ ካርድ ሠርቶ በሙሉ ርዝመቱ ይተካዋል። ከውጭ ተገኝተው የታደሱ ፊልሞች ላይ የመጀመሪያው ጽሑፍ የሚጠፋውም በዚህ ምክንያት ነው። ለሉስ ዓይነት ጸሐፊ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ፊልሙ ይተርፋል፣ የእሷ ድርሻ ይሞታል።

25ኛዋ፣ ሉስ ከቀደምቶቹ ሴት የፊልም ጸሐፊዎች አንዷ እንጂ የመጀመሪያዋ አይደለችም አለች። ጂን ጎንቲየር በ1907 ለካለም ኩባንያ ያለ ፈቃድ ከታወቀ ልቦለድ ጽፋ ኩባንያው ተከሷል፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1911 በካለም ላይ ፈርዶ፣ መጽሐፍ ወደ ፊልም ሲለወጥም የደራሲው መብት እንደሚጠበቅ የታወቀው ያኔ ነው። 26ኛው ፍራንሲስ ማሪዮንን አስቀደመ፤ ሁለት ኦስካር በጽሑፍ ወስዳለች፣ አንዱን ስለ እስር ቤት ለጻፈችው ፊልም፤ ለዚያም ሳን ኩዌንቲን ወህኒ ቤት ሄዳ አጥንታለች። 27ኛው፣ ክሩ ስለ ሉስ እንጂ ስለ ሽልማት ቆጠራ አይደለም ብሎ በቁጣ ዘጋው። 26ኛው ያለው ግን መዘለል የለበትም። ማሪዮን የቦታውን ጠረን ለማግኘት ወደ ቦታው ትሄዳለች፤ የሉስን ቀልድ ሊኮርጅ የተነሳ ሰው ይህንን ቢማር ይሻለዋል።

28ኛው ምላሽ ድምፅ ከመጣ በኋላ ወዳለው ዘመን ተሻገረ። በ1932 የፊልም ኩባንያው ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር «ባለ ቀይ ጸጉሯ ሴት»ን ሲሠራ የልቦለድ ደራሲው የስኮት ፊትዝጀራልድ ጽሑፍ ከባድ ሆነበትና የኩባንያው ፕሮዲዩሰር ታልበርግ ሥራውን ለሉስ ሰጣት። ለሙከራ ሲታይ ተመልካቹ መሳቅ ይፈቀድለት አይፈቀድለት ግራ ገባው። ሉስ የጻፈችው መፍትሔ አጭር መግቢያ ነው። ዋናዋ ተዋናይ ጂን ሃርሎው ልብስ ስትለካ ብርሃን ያሳልፋል ወይ ብላ ትጠይቃለች፤ ሻጯ አዎን ያሳልፋል ትላታለች፤ እንግዲያውስ ይህንኑ እለብሳለሁ ትላለች። ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም ለሳቅ ተፈቀደ። የሚስቅበትን መንገድ ለተመልካቹ በመጀመሪያው ደቂቃ ንገረው ማለት ይህ ነው። ልብ በሉ፣ ሴትዮዋ ራሷ አትቀልድም፤ ከልቧ ነው የምትጠይቀው። በ1925 ሉስ በጻፈችው የማስታወሻ ደብተር መልክ ባለው ልቦለድም ተራኪዋ ሎሬላይ እንዲሁ ናት፤ አስቂኝ መሆኗን አታውቅም።

29ኛው ጠያቂው ራሱ ነው። አቋሙን ትቶ ከስክሪፕቱ አንድ ካርድ አቀረበ። ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ለጋብቻ ጥየቃ ወደ አንድ ቤት ይገባሉ፤ ከመግባታቸው በፊት ሽማግሌዎቹ መምጣታቸውን የሚናገር ካርድ አለ። 30ኛዋ ሳትለሳለስ ጣለችው፤ በሩ ላይ ቆመው እየታዩ መምጣታቸውን መጻፍ ተመልካቹን መናቅ ነው። ካርዱ ካሜራው ሊያሳየው የማይችለውን ይናገር አለች፣ ሌላም ሐሳብ ሰጠችው። ሦስቱም የተላኩት በሦስት የተለያዩ ወንዶች ቢሆንስ? ይህን የሚናገረውን ካርድ በሩ ላይ አታስገባው፤ በመጀመሪያ ገብተው፣ አንተ ቅደም አንተ ቅደም ተባብለው፣ ቦታ ተሰጣጥተው ሲቀመጡ እንያቸው። ትሕትናቸውን ጠግበን ካየን በኋላ ካርዱ ይምጣ።

31ኛው የኤዲቲንጉ ሰው ተመልሶ ነው። ሐሳቡን አጽድቆ ሁለት ነገር ብቻ አስተካከለ። ቁጥሩ ካርዱ መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ሦስት የሚለው ቃል ቀድሞ ከተነበበ የቀረው አያስቅም። ከካርዱ ስንመለስ ደግሞ ወደ ልጅቷ አባት ሳይሆን ወደ ሦስቱ ሰዎች ተመለስ፣ ምንም ሳይናገሩ ሦስት ሰከንድ ያህል ይቀመጡ። ሳቁ በዚያ ውስጥ ያልቃል፤ አባትየው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፣ አለበለዚያ የእሱ የመጀመሪያ ካርድ በሳቅ ውስጥ ሳይነበብ ያልፋል።